የተጠየቀና ያልተሰማ አስተያየት፦ አሜሪካውያንና ሙስሊሞች እርስ በርስ የተያዩበት ታሪክ



ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ በአሜሪካ ደጋግሞ የተሰማው ጥያቄ «ለምን ይጠሉናል?» የሚል ነበር። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጥያቄው ጥላቻው ጥንታዊና የማይለወጥ፣ ምንጩም ሃይማኖት እንደሆነ አስቀድሞ ተቀብሎ የሚነሳ ነው። ሳሙኤል ሀንቲንግተን በ1993 ያቀረበው የሥልጣኔዎች ግጭት መላምትም ለዚህ አስተሳሰብ እንደ ምሁራዊ ድጋፍ ተወስዷል። የእኔ መከራከሪያ ግን የተለየ ነው። የታሪክ ማስረጃው እንደሚያሳየው፣ ሁለቱ ወገኖች አንዳቸው ለሌላው ያላቸው አመለካከት ከእምነት ይልቅ የመንግሥታትን ድርጊትና የሕዝብን ትዝታ ይከተላል።

ግንኙነቱ ሲጀመር አንድ መልክ አልነበረውም። የሞሮኮ ሱልጣን በ1777 ወደቦቻቸውን ለአዲሲቱ አገር መርከቦች ክፍት አደረጉ፤ በ1786ም የሰላምና የወዳጅነት ውል ተፈረመ። በዚያው የሰሜን አፍሪካ ጠረፍ የአልጀርስ ገዥዎች በ1785 የአሜሪካ መርከቦችን ማረኩ፤ በ1801 ደግሞ ከትሪፖሊ ጋር ጦርነት ተከፈተ። እምነቱ አንድ ሆኖ ሳለ ግንኙነቱ የተለያየው የንግድ፣ የግብርና የውል ጉዳይ ስለነበረ ነው። የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በ1797 ያጸደቀው የትሪፖሊ ውል በአሥራ አንደኛው አንቀጹ አሜሪካ በሙስሊሞች ሕግና እምነት ላይ ጠላትነት እንደሌላት በግልጽ ያሰፍራል። ከዚህም በላይ «አሜሪካዊ» እና «ሙስሊም» የሚሉት ስሞች ሁለት የተለያዩ ሕዝቦችን የሚለዩ አይደሉም። ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት ተወስዶ በ1807 ቻርለስተን የደረሰው ዑመር ኢብን ሰዒድ በ1831 የሕይወት ታሪኩን በዐረብኛ የጻፈው በዚያችው አገር ምድር ላይ ነው።

ዋናው ማስረጃዬ የ1919ኙ የኪንግና የክሬን ልዑክ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፕሬዚዳንት ዊልሰን የኦበርሊን ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩትን ሄንሪ ኪንግንና ነጋዴውን ቻርለስ ክሬንን የሶርያና የፍልስጥኤም ሕዝብ ምን እንደሚፈልግ እንዲጠይቁ ላኳቸው። ልዑኩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 1,863 አቤቱታዎችን ተቀበለ። አቤቱታዎቹ በአብዛኛው በፖለቲካ ቡድኖች የተቀነባበሩ ስለነበሩ እንደ ዛሬው የናሙና ጥናት ሊታዩ አይችሉም፤ የሚያመለክቱት አቅጣጫ ግን አያሻማም። ሕዝቡ በቅድሚያ የፈለገው ነፃነትን ነበር። የውጭ ሞግዚት የግድ ከሆነ ግን 60 በመቶ ያህሉ አቤቱታዎች አሜሪካን መርጠዋል፤ ከነዋሪው የሚበዛው ደግሞ ሙስሊም ነበር። አሜሪካ በአካባቢው ቅኝ ግዛት አልነበራትም፤ በቤይሩት ከ1866 ጀምሮ የሚሠራ ኮሌጅ ነበራት፤ ዊልሰንም ሕዝቦች ዕድላቸውን በራሳቸው እንዲወስኑ ሲሰብኩ ተሰምተዋል።

የልዑኩ ሪፖርት በ1919 ቀረበ፤ ለሕዝብ የታተመው ግን በ1922 ነው። እስከዚያው ድረስ የሳን ሬሞ ጉባኤ ሶርያን ለፈረንሳይ ሰጥቶ ነበር፤ የፈረንሳይ ጦርም በጁላይ 1920 ደማስቆ ገብቷል። ሕዝቡ ተጠየቀ፤ መለሰ፤ መልሱ ግን መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ የሁለቱ ወገኖች የትዝታ መነሻ እየተለያየ ሄደ። ለብዙ አሜሪካውያን የኢራን ታሪክ የሚጀምረው በኖቬምበር 1979 ኤምባሲያቸው ተይዞ 52 ሰዎች ለ444 ቀናት ሲታገቱ ነው። ለብዙ ኢራናውያን ግን የሚጀምረው በኦገስት 1953 የአሜሪካና የእንግሊዝ የስለላ ድርጅቶች በተሳተፉበት ሤራ ጠቅላይ ሚኒስትር መሐመድ ሞሳዴቅ ከሥልጣን ሲወገዱ ነው። እያንዳንዱ ወገን ራሱን የተወጋው፣ ሌላውን የወጋው አድርጎ ያያል።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፣ የፒው የምርምር ማዕከል ጥናቶች በኢንዶኔዥያ ለአሜሪካ በጎ አመለካከት የነበራቸው ሰዎች በ2002 61 በመቶ እንደነበሩ ያሳያሉ። የኢራቅ ወረራ በተካሄደበት በ2003 ቁጥሩ ወደ 15 በመቶ አሽቆለቆለ። ከሱናሚው አደጋ በኋላ አሜሪካ እርዳታ በሰጠች ማግስት፣ በ2005፣ ወደ 38 በመቶ ከፍ አለ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት የኢንዶኔዥያውያን ሃይማኖት አልተለወጠም።

የአሜሪካውያንም አመለካከት እንዲሁ ተለዋዋጭ ነው። ለአሜሪካውያን ሙስሊሞች በጎ አመለካከት ያላቸው ሰዎች በማርች 2001 45 በመቶ ነበሩ፤ ከጥቃቱ በኋላ፣ በኖቬምበር፣ ቁጥሩ እንደሚጠበቀው ሳይቀንስ ወደ 59 በመቶ ከፍ አለ። ፕሬዚዳንት ቡሽ ጥቃቱ በደረሰ በስድስተኛው ቀን በዋሽንግተን የሚገኘውን መስጊድ መጎብኘታቸው ለዚህ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። ሆኖም እስልምና ከሌሎች እምነቶች ይልቅ ዓመፅን ያበረታታል የሚሉት በማርች 2002 ከነበሩበት 25 በመቶ በጁላይ 2003 ወደ 44 በመቶ አደጉ። በመካከሉ በአሜሪካ ምድር እንደ 2001ዱ ያለ ጥቃት አልደረሰም፤ ተለውጦ የነበረው የጦርነቱ ዘመን ንግግር ነው።

አማካይ ቁጥር ግን ሁሉንም አይናገርም። በዚያው በ2001፣ አጠቃላይ አመለካከቱ በተሻሻለበት ዓመት፣ የፌዴራል የምርመራ ቢሮ የመዘገባቸው በሙስሊሞች ላይ የተፈጸሙ የጥላቻ ወንጀሎች ከቀደመው ዓመት 28 ወደ 481 አሻቅበዋል። የብዙኃኑ በጎነት ጥቂቶች በጎረቤታቸው ላይ የሚፈጽሙትን አይሽርም፤ የጥቂቶቹም ወንጀል የብዙኃኑን አመለካከት አይወክልም።

ውድ ተማሪዎች፣ የአስተያየት ጥናት ቁጥር በእጃችሁ ሲገባ እንደማንኛውም የታሪክ ሰነድ መርምሩት፦ ማን ተጠየቀ? መቼ? ከየትኛው ድርጊት ማግስት? አመለካከት የማይለወጥ የእምነት ዕጣ ቢሆን ኖሮ መንግሥታት ተጠያቂነት ባልኖረባቸው ነበር። በድርጊት የሚለወጥ በመሆኑ ግን ለሚሠሩት ሥራ ኃላፊነት አለባቸው። የ1919ኙ ሰነድ እንደሚመሰክረው፣ የሕዝብን አስተያየት መጠየቅ ብቻውን መስማት አይደለም፤ ጠይቆ አለመስማት ደግሞ ራሱን የቻለ ድርጊት ነው፤ ዋጋውንም የሚከፍሉት ብዙ ጊዜ ያልጠየቁም ያልተጠየቁም ትውልዶች ናቸው።