ከበረዶ ምድር ወደ ደቡብ፦ ውሻን ይዞ የሚደረግ ረጅም የክረምት ጉዞ እና የጤና ጥንቃቄው

ባሕር ዳር፡ ጥር 12/2017 ዓ.ም

በካናዳ እና በሰሜናዊ የአሜሪካ ግዛቶች ቅዝቃዜው ሲበረታ በርካታ ሰዎች ቤታቸውን ዘግተው ወደ ደቡብ ይጓዛሉ። አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው። ጉዟቸው በጥቅምት ወይም በኅዳር ይጀምራል፤ ወደ ቀያቸው የሚመለሱት ደግሞ በረዶው ከቀለጠ በኋላ፣ በሚያዝያ አካባቢ ነው። ቅዝቃዜን ሸሽተው ከሚፈልሱ አዕዋፍ ጋር በማመሳሰልም ሕዝቡ “የበረዶ ወፎች” ይላቸዋል። ከእነዚህ ተጓዦች ብዙዎቹ ውሻቸውን በመኪናቸው አሳፍረው ይሄዳሉ።

በኢትዮጵያ ክረምት ሲባል ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ወቅት ነው። በሰሜን አሜሪካ ግን ክረምት የሚባለው ኢትዮጵያ በበጋ ላይ የምትገኝበት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው የበረዶ ጊዜ ነው።

ይህ ጉዞ ለእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች ከመዝናኛነት ያለፈ ትርጉም አለው። ውሻ ከአንዱ አየር ንብረት ወደ ሌላው ሲጓጓዝ በሽታም አብሮት ሊጓጓዝ ይችላል። ሲነሳ ያልነበረበትን ተውሳክ ከደረሰበት ቦታ ይዞ ሊመለስ፣ ከተነሳበት ቦታ ያለውንም ወደ አዲስ አካባቢ ሊያደርስ ይችላል። በመሆኑም ለጉዞው የሚደረገው ዝግጅት የውሻውን ብቻ ሳይሆን የሰውን እና የዱር እንስሳትንም ደኅንነት የሚነካ ነው።

መንገዱ ምን ይመስላል?

ከዋና ዋናዎቹ መስመሮች አንዱ ከካናዳ ድንበር አጠገብ፣ ከሜን ግዛት ተነስቶ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ በኩል እስከ ማያሚ የሚዘልቀው 95 ቁጥር አውራ ጎዳና ነው። ርዝመቱ 3 ሺህ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህም ከባሕር ዳር እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ከአምስት ጊዜ በላይ እንደመጓዝ ነው። በጥር ወር በሰሜናዊው ጫፍ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መድረሱ የተለመደ ሲሆን፣ በዚያው ወር በማያሚ የቀኑ ሙቀት 24 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ውሻው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአጥንት ሰርሳሪ ውርጭ ወጥቶ ቢንቢ ወደሚበርበት ምድር ይገባል።

በሰሜኑ የመንገድ ክፍል የሚያጋጥሙ አደጋዎች

ጤናማ ውሻ የሰውነቱ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። አጭር ጸጉር ያላቸው፣ ቡችላዎች እና ያረጁ ውሾች ቅዝቃዜን የመቋቋም አቅማቸው አነስተኛ ነው። በክረምት የቆመ መኪና ሙቀቱን ፈጥኖ ስለሚያጣ ውሻን በውስጡ ዘግቶ መተው ለጉዳት ይዳርገዋል።

በረዶን ለማቅለጥ በአስፋልት ላይ የሚበተነው ጨውም ሌላው ችግር ነው። ጨው የውሻን የእግር መዳፍ ያቆስላል፤ ውሻው መዳፉን ሲልስ ደግሞ ወደ ሆዱ ይገባል። ከእያንዳንዱ የእግር ጉዞ በኋላ እግሩን ለብ ባለ ውኃ አጥቦ ማድረቅ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን የመኪና ራዲያተር ውኃ እንዳይረጋ የሚጨመረው ፈሳሽ ነው። በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኤቲሊን ግላይኮል የተባለ ኬሚካል ጣዕሙ ጣፋጭ በመሆኑ ውሾች መሬት ላይ የፈሰሰውን ይልሱታል። አሥር ኪሎ ግራም የሚመዝንን ውሻ አንድ የቡና ሲኒ የማይሞላ መጠን ሊገድለው ይችላል። ውሻው በመጀመሪያ እንደሰከረ ይንገዳገዳል፤ ቆይቶም የተሻለው ይመስላል። ይህ መሻሻል ግን አሳሳች ነው፤ ኬሚካሉ በጉበት ውስጥ ተለውጦ ኩላሊትን መጉዳት ይጀምራልና፣ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ኩላሊቱ ሥራውን ያቆማል። ማርከሻ መድኃኒት የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ከተሰጠ ነው። ስለሆነም ውሻ ይህን ፈሳሽ ሲልስ የታየ እንደሆነ ምልክት እስኪያሳይ መጠበቅ አይገባም። ኬሚካሉ በኢትዮጵያም የመኪና ባለንብረቶች በሚጠቀሙባቸው የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሾች ውስጥ ሊኖር ስለሚችል፣ በጋራዥ እና በግቢ የፈሰሰውን ማጽዳት፣ ዕቃውንም ሕፃናት እና እንስሳት ከማይደርሱበት ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

በመኪና ውስጥ

ያልታሰረ ውሻ መኪናው በድንገት ፍሬን ሲይዝ ይወረወራል፤ ራሱንም ተሳፋሪዎችንም ይጎዳል። ስለዚህ ውሻው በኋላ ወንበር ላይ ለዚሁ በተሠራ የደረት ማሰሪያ መታሰር ወይም በደንብ በተጠበቀ ሣጥን ውስጥ መቀመጥ አለበት። ማስመለስን ለመቀነስ ከጉዞው ሦስት ወይም አራት ሰዓት ቀደም ብሎ ጥቂት መመገብ ይበቃል። በየሁለት እና በየሦስት ሰዓቱ ቆሞ ማናፈስ እና ውኃ ማጠጣት ይገባል። የመኪናው በር ከመከፈቱ በፊትም ገመዱ በአንገቱ ላይ መታሰር አለበት፤ በማያውቀው ቦታ የደነገጠ ውሻ ፈትለክ ብሎ ሊጠፋ ይችላልና።

ወደ ደቡብ በተቀረቡ ቁጥር ሥጋቱ ከብርድ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የውጭው ሙቀት 21 ዲግሪ በሆነበት ቀን፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በግማሽ ሰዓት 40 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። መስኮቱን ትንሽ ከፍቶ መተው ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። ውሻ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው፤ የሚተነፍሰው አየር ራሱ ሲግል ግን ማለክለኩ አይረዳውም።

ድንበር እና የክትባት ማስረጃ

አሜሪካዊው ደራሲ ጆን ስታይንቤክ እ.አ.አ በ1960 ቻርሊ ከተባለ ውሻው ጋር አሜሪካን በመኪና ዞሯል። እ.አ.አ በ1962 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ እንደተረከው፣ በናያጋራ በኩል አቋርጦ በካናዳ ምድር ለማለፍ ሲሞክር የድንበር ሠራተኛው ስለ ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጠየቀው። ወደ ካናዳ መግባት ቢችልም ያለ ክትባት ማስረጃ ውሻውን ይዞ ወደ ሀገሩ መመለስ እንደማይችል ሲነገረው ሐሳቡን ቀይሮ ተመለሰ።

ዛሬ ቁጥጥሩ ይበልጥ ጠብቋል። ከነሐሴ 1 ቀን 2024 (እ.አ.አ) ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ዕድሜው ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው፣ መለያ ማይክሮ ቺፕ ከቆዳው ሥር የተቀበረለት እና ጤናማ መስሎ የሚታይ መሆን አለበት፤ ባለቤቱም ቅድመ ጉዞ ቅጽ መሙላት ይጠበቅበታል። ካናዳ በበኩሏ ከአሜሪካ የሚመጡ፣ ሦስት ወር እና ከዚያ በላይ የሆናቸው ውሾች የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስረጃ እንዲኖራቸው ትጠይቃለች። ኢትዮጵያ በአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ዘንድ የውሻ እብደት ሥጋት ከፍተኛ ከሆነባቸው ሀገራት ዝርዝር ውስጥ የምትገኝ በመሆኗ፣ ከዚህ ውሻ ይዞ ወደዚያ መሄድ የሚሻ ቤተሰብ ተጨማሪ የክትባት ማስረጃዎችን ከጉዞው ብዙ ቀደም ብሎ ማዘጋጀት ይኖርበታል።

ሰነድ የሚጠየቀው ዓይን ብቻውን ስለማይበቃ ነው። በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘ ውሻ ምልክቱ እስኪወጣ ድረስ ሳምንታት አልፎም ወራት ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ይበላል፣ ይጫወታል፣ ጤነኛ መስሎ ድንበር ይሻገራል።

ደቡብ ላይ የሚጠብቀው

በፍሎሪዳ ሐይቆች ዳርቻ አሊጌተር የተባለው የአዞ ዝርያ፣ በግቢዎች ውስጥ ደግሞ መርዛማ ጉርጥ ለውሻ አደገኛ ናቸው። በስውር የሚጎዳው ግን የልብ ትል ነው። ይህ ትል ከታመመ ውሻ ወደ ጤነኛው የሚተላለፈው በቢንቢ ንክሻ ሲሆን፣ ሞቃታማ እና እርጥበት አዘል በሆኑት የደቡብ ምሥራቅ ግዛቶች በብዛት ይገኛል። ወደ ውሻው የገባው እጭ በስድስት ወር ገደማ አድጎ በልብ እና በሳንባ የደም ሥሮች ውስጥ ይሰፍራል፤ ሴቷ ትል እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ልትረዝም ትችላለች። በጥር የተነከሰ ውሻ በሚያዝያ ወደ ሰሜን ሲመለስ በምርመራ ላይገኝበት ይችላል፤ ትሉ የሚታወቀው ወራት ቆይቶ ነው። በዚያ መካከል የሰሜኑ የበጋ ቢንቢ ከእርሱ ወስዳ ወደ ጎረቤት ውሾች ልታዛምት ትችላለች።

መከላከያው በየወሩ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ከእነዚህ መካከል አይቨርሜክቲን ይገኝበታል። መድኃኒቱ የተገኘበት ምርምር ለጃፓናዊው ሳቶሺ ኦሙራ እና ለዊልያም ካምቤል እ.አ.አ በ2015 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። በኢትዮጵያም አርሶ አደሮች ለከብት እና ለበግ ጥገኛ ተውሳኮች፣ የጤና ተቋማት ደግሞ ለዓይነ ስውርነት የሚዳርገውን ኦንኮሰርካይሲስ ለመከላከል ይጠቀሙበታል። ይሁን እንጂ መጠኑ የተለያየ ነው። ለውሻ የልብ ትል መከላከያ የሚሰጠው በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 6 ማይክሮ ግራም ገደማ ሲሆን የከብቱ መጠን 200 ማይክሮ ግራም ነው። ለከብት የተዘጋጀውን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለውሻ መስጠት፣ በተለይ ለኮሊ እና ለመሰል ዝርያዎች፣ ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

እንስሳት ሲጓጓዙ በሽታው እንዴት ይዛመታል?

የአሜሪካ ታሪክ ግልጽ ማሳያ አለው። የራኩን እብደት ለብዙ ዓመታት በፍሎሪዳ እና በአጎራባች የደቡብ ግዛቶች ተወስኖ ቆይቶ ነበር። እ.አ.አ በ1970ዎቹ መጨረሻ ግን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በዌስት ቨርጂኒያ ታየ። ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት ምክንያቱ ለአደን ተብለው ከደቡብ በመኪና የተወሰዱ ራኩኖች ናቸው። ከዚያ ወዲህ በሽታው በምሥራቁ ዳርቻ ሽቅብ ተጉዞ እ.አ.አ በ1999 ካናዳ ኦንታሪዮ ደረሰ። በአጭር ጊዜ የተጓዘ በሽታን ለመግታትም መንግሥታቱ ለዐሥርተ ዓመታት በጫካዎች ውስጥ የክትባት መኖ ሲበትኑ ኖረዋል።

በኢትዮጵያ ተመሳሳይ ሥጋት ያለበት ቀይ ቀበሮ ነው። በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳ፣ በባሌ እና በሌሎች ጥቂት ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ የሚገኘው ይህ ብርቅዬ እንስሳ ቁጥሩ ከ500 ያነሰ እንደሆነ ይገመታል። በባሌ ተራሮች እ.አ.አ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003 እና በ2008 ከቤት ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ጨርሷል። እረኛ ከብቱን እየነዳ ወደ ደጋ ሲወጣ ውሻውም አብሮት ይወጣል፤ ያልተከተበ ከሆነ በሽታውም አብሮ ሊወጣ ይችላል። እ.አ.አ ከ2018 ጀምሮ ቀበሮዎቹን በመኖ መልክ የመከተብ ሥራ ቢጀመርም፣ የውሾች ክትባት ዋነኛ መከላከያ ሆኖ ቀጥሏል።

ለአርሶ አደሮች እና ለከተማ ነዋሪዎች

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎች በእብድ ውሻ በሽታ ይሞታሉ፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይቋረጣል።

ውሻን ከገጠር ወደ ከተማ፣ ከቆላ ወደ ደጋ ወይም ከወረዳ ወደ ወረዳ ለሚወስድ ሰው የሚከተሉት ጥንቃቄዎች ይመከራሉ፦

• ውሻው ተከትቦ የማያውቅ ከሆነ ከጉዞው ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ማስከተብ፤ ክትባቱ አቅም የሚያገኘው ውሎ አድሮ ነውና።

• የክትባት ካርዱን በእጅ መያዝ፣ የድጋሚ ክትባቱን ቀንም ማስታወስ።

• ከጉዞ በፊት እና በኋላ በጆሮ፣ በብብት እና በጣቶች መካከል መዥገር መኖሩን መመልከት።

• ባሕርይው የተለወጠ፣ ምራቁ የሚዝረበረብ ወይም ያለ ምክንያት የሚናከስ ውሻ ሲያጋጥም ከመቅረብ ተቆጥቦ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ።

• በውሻ የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃ እና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ሳይዘገይም ወደ ጤና ተቋም መሄድ።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ከንክሻ በኋላ በጊዜ የተጀመረ ክትባት ግን ሕይወትን ያተርፋል። ስለዚህ የነከሰው ውሻ ጤነኛ መስሎ ቢታይም ወይም ባለቤቱ የታወቀ ቢሆንም፣ ተነካሹ ወደ ጤና ተቋም መሄዱን ለነገ ማሳደር የለበትም።