ነጩ የራስ ቁርና የሠሪው እጅ

የኪነ ጥበብ ታሪክ በአብዛኛው የደራስያን፣ የአዘጋጆችና የተዋንያን ታሪክ ሆኖ ተጽፏል። ከመጋረጃው በስተጀርባ ጀሶ የሚያቦካው፣ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው፣ ቀለም የሚቀባው ባለሙያ ስሙ እምብዛም አይነሣም። ንጉሡ ያለ ዘውድ፣ ወታደሩ ያለ ጋሻ መድረክ ላይ ሊቆሙ አይችሉም፤ ዘውዱንና ጋሻውን የሠራው ሰው ግን ጭብጨባው በሚሰማበት ሰዓት ከመድረኩ ላይ የለም። ይህ ጽሑፍ የዚያን ሠራተኛ ታሪክ ባልተለመደ በኩል ይመረምራል፤ ይኸውም ሰዎች የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም ቁሳቁሶችን በየቤታቸው አስመስለው በሚሠሩበት ልማድ በኩል ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የነገሩ መነሻ ከሲኒማ ይልቅ ቴአትር ነው። የቼኩ ጸሐፌ ተውኔት ካሬል ቻፔክ በ1920 ባሳተመው «አር. ዩ. አር.» በተሰኘው ተውኔቱ «ሮቦት» የሚለውን ቃል ለዓለም አስተዋወቀ። ቃሉ «ሮቦታ» ከሚለው የቼክ ቃል የወጣ ሲሆን፣ ገባር ለጌታው በግዴታ ይሠራው የነበረውን፣ በእኛ ዘንድ የሁዳድ ሥራ ይባል የነበረውን ዓይነት ጉልበት ያመለክታል። እንግዲህ ሮቦት ገና ሲወለድ የሥራ ጥያቄ ነበር። የሚሠራው ማን ነው? የሚሠራውስ ለማን ነው?

በ1927 በርሊን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የፍሪትዝ ላንግ ፊልም «ሜትሮፖሊስ» ይህንኑ ጥያቄ በምስል አቀረበው። በፊልሙ ውስጥ የምትታየውን የብረት ሴት የቀረጸው ቫልተር ሹልትሰ-ሚተንዶርፍ ነበር። ብረት መሳይዋ ግን ብረት አልነበረችም። ቀራፂው የተዋናይቷን የብሪጊተ ሄልምን ሰውነት በጀሶ ቀድቶ፣ አናጢዎች ስንጥቅ የሚደፍኑበትን ዓይነት የእንጨት ስቱኮ በላዩ አልብሶ ብርማ ቀለም ቀባው። ያ የመጀመሪያ ሥራ ለትውልድ አልቆየም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለፓሪሱ የሲኒማ ቤተ መዘክር አምሳያውን እንደገና የሠራው ያው ቀራፂ በእርጅናው ዘመን ነው። በዚህ ጊዜ አምሳያ መሥራት የጠፋን ሥራ ከሞት መመለስ ሆነ ማለት ነው።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1976፣ የአሜሪካዊው ጆርጅ ሉካስ ፊልም «ስታር ዋርስ» ለንደን አጠገብ በኤልስትሪ ስቱዲዮ ይሠራ ነበር። በጀቱ ውሱን ስለ ነበር የመጪው ዘመን መሣሪያ ካለፈው ዘመን ውዳቂ ይበጅ ጀመር። የትዕይንት ቦታ አስዋቢው ሮጀር ክርስቲያን የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺዎች ይጠቀሙበት የነበረ አሮጌ የግራፍሌክስ ካሜራ ፍላሽ ከአንድ ሱቅ አግኝቶ፣ እጀታው ላይ የጎማ ቁራጭ በማጣበቅ የጀግናው የብርሃን ሰይፍ መያዣ አደረገው። የአምባገነኑ መንግሥት ወታደሮች የሚደፉት ነጭ የራስ ቁርም እንዲሁ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የተፈጠረ ነው። ሠዓሊው ራልፍ ማክኳሪ ንድፉን አወጣ፤ ኋላ ፍርድ ቤት እንደተቀበለው፣ ኒክ ፔምበርተን በሸክላ ጭቃ ቀረጸው፤ በትዊክነም ወርክሾፕ የነበረው አንድሩ አይንስወርዝ ደግሞ በፕላስቲክ ሠርቶ 50 ቁሮች ለፊልሙ አስረከበ።

ፊልሙ በ1977 ከታየ በኋላ ይህን ቁር በቤታቸው ለመሥራት የተነሡት ሰዎች እየበረከቱ ሄዱ። በ1997 በአሜሪካ የተመሠረተውና በብዙ አገሮች አባላት ያሉት «501ኛው ሌጌዎን» የተባለው ማኅበር ከእነዚህ ሠሪዎች የተውጣጣ ነው። የአሠራሩ ብልሃት ቀላል ቢመስልም ትዕግሥትን ይጠይቃል። ሠሪው በሸክላ ጭቃ ያወጣውን መልክ በጀሶ ይገለብጣል። ቀጥሎም የፕላስቲክ ሉህ በእንጨት ክፈፍ ወጥሮ መሐሉ እስኪረግብ ድረስ በማእድ ቤት ምድጃ ያሞቀዋል። ከዚያም ፈጥኖ አውጥቶ በጀሶው ቅርጽ ላይ ይጭነዋል። ቅርጹ የተቀመጠበት ሣጥን ገጽታው በቀዳዳ የተሞላ ሲሆን፣ ከሥሩ የተያያዘው ቫኪዩም ክሊነር አየሩን ሲመጥ የለሰለሰው ፕላስቲክ ከቅርጹ ጋር ይጣበቃል። ፕላስቲኩ ከልክ በላይ ከሞቀ ይቀደዳል፤ ሙቀቱ ካነሰው ጠርዙን አይዝም። የፊትና የኋላ ክፍሎች ለየብቻ ወጥተው ይገጣጠማሉ፤ መጋጠሚያውንም የጆሮዎቹ መሸፈኛ ይደብቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር እናገኛለን። የ1976ቱ ቁር በእጅ የተቀረጸ በመሆኑ ግራና ቀኙ እኩል አይደለም፤ ገጹም ወጣ ገባ አለበት፤ መስመሮቹ በብሩሽ ስለ ተቀቡ አንዱ ቁር ከሌላው ይለያል። ጠንቃቃው የቤት ውስጥ ሠሪ ይህን ጉድለት አያርመውም። ይልቁንም የፊልሙን ምስሎች ደጋግሞ እያየ፣ እየለካ፣ እያንዳንዷን መዛነፍ ጠብቆ ያወጣል። ሁለት ወገኑ ፍጹም እኩል የሆነ አምሳያ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ስሕተት ነው። የሠሪው የእጅ አሻራ ለተከታዩ ሠሪ ሕግ ሆኖ ተላለፈ።

ይህን ልማድ የሚነቅፉ አሉ። የአንድ ባለሀብት ድርጅት ሸቀጥ አምልኮ ነው፣ ጎልማሶችም የጨቋኝ ሠራዊትን ልብስ ለብሰው መፈንጠዝ የለባቸውም ይላሉ። ነቀፌታው መሠረት የለውም አይባልም፤ የወታደሮቹ የእንግሊዝኛ ስም እንኳ የጀርመንን አጥቂ ጦር የሚያስታውስ ነው። ይሁን እንጂ የተዘጋጀ ዕቃ በገንዘብ የሚሸምት ሰውና ጀሶ አቡክቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ ሦስት ጊዜ አበላሽቶ በአራተኛው የሚሳካለት ሰው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሸማች ነው፤ ሁለተኛው ሠሪ ነው። ማኅበሩም ልብሱን ለብሶ የታመሙ ሕፃናትን ይጠይቃል፤ ለበጎ አድራጎትም ገንዘብ ያሰባስባል።

የሠሪው ማንነት ጥያቄ በመጨረሻ ፍርድ ቤት ደረሰ። አይንስወርዝ በ2004 በቀድሞው ቅርጹ አዳዲስ ቁሮች እያወጣ መሸጥ ሲጀምር የሉካስ ድርጅት ከሰሰው። በ2006 የአሜሪካ ፍርድ ቤት 20 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረደበት። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ግን ሌላ ጥያቄ አነሡ፤ የራስ ቁሩ የቅርጻ ቅርጽ ሥራ ነውን? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሐምሌ 2011 አይደለም ሲል በየነ። የጥበብ ሥራው ፊልሙ ነው፣ ቁሩ ለፊልሙ ሥራ የሚያገለግል ዕቃ ነው አለ። አይንስወርዝ በአገሩ ሕግ በኩል ረታ፤ ሆኖም በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ላይ የተመሠረተውን ክስ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ሊያየው እንደሚችል ተወሰነ።

ለሕጉ ይህ ፍርድ ይበጅ ይሆናል። ለኪነ ጥበብ ሰው ግን አንድ መራራ ነገር አለበት። ሠሪው ክሱን ያሸነፈው የእጁ ሥራ ጥበብ አይደለም ስለ ተባለ ነው። በ2019 ለሕዝብ የቀረበው «ዘ ማንዳሎሪያን» የተሰኘው ተከታታይ ፊልም ሲሠራ ግን ለአንድ ትዕይንት የወታደር ልብሱ አልበቃ አለ፤ አዘጋጆቹም የ501ኛውን ሌጌዎን አባላት በቤታቸው የሠሩትን ልብስ ለብሰው እንዲመጡ ጠሩ። አምሳያው ራሱ በፊልም ላይ ዋለ።

ቻፔክ «ሮቦት» ሲል በግዴታ የሚሠራን ጉልበት ማለቱ ነበር። ማንም ሳያዝዘው፣ ሌሊቱን ከቅርጹ ጋር የሚታገለው የቤት ውስጥ ሠሪ የዚህ ተቃራኒ ነው። የመድረክና የፊልም ታሪክ የሚያስተምሩ መምህራን፣ የሚጽፉም ደራስያን፣ ከተዋናዩ ስም ቀጥሎ ጀሶውን ያቦካውን ሰው ስም መዝግበው ለተማሪዎቻቸው ቢያስተላልፉ ታሪኩ ሙሉ ይሆናል።