ኪፓንዴ፤ ፍርሃት ያቆመው የቁጥጥር ሥርዓት በኬንያ

«ኪፓንዴ» የሚለው የስዋሂሊ ቃል በቀጥታ ሲተረጎም ቁራጭ ወይም ክፋይ ማለት ነው። በኬንያ ታሪክ ውስጥ ግን ቃሉ ከዚህ የከበደ ሸክም ተሸክሟል። ለሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ ዕድሜው ከ16 ዓመት ጀምሮ ያለ አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ ከቀዬው ውጭ ሲንቀሳቀስ ይዞት እንዲዞር የተገደደበት የመታወቂያ ወረቀት መጠሪያ ነው። የዚህ ወረቀት ታሪክ የአንድ ቅኝ ግዛት ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ ሰው የፈራውን ሰው ለመቆጣጠር ሲነሣ የት ሊደርስ እንደሚችል የሚያሳይ ታሪክም ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የእንግሊዝ መንግሥት ለም የሆነውን የኬንያ ደጋ ለነጭ ሰፋሪዎች ማከፋፈል ጀመረ። በ1921 በአገሪቱ የነበሩት አውሮፓውያን ቁጥር ከ10,000 የማይበልጥ ሲሆን፣ አፍሪካውያኑ ግን ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ሰፋሪው ሁለት ነገር ይፈራ ነበር። አንደኛው፣ መሬቱን የሚያርስለት ሠራተኛ ጥሎት እንዳይሄድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጮክ ተብሎ የማይነገረው፣ በብዙኃን መካከል ጥቂት ሆኖ የመኖር ፍርሃት ነው። የአገሬው ተወላጆች ምዝገባ ሕግ በ1915 የወጣው ለእነዚህ ሥጋቶች መልስ እንዲሆን ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት አፈጻጸሙ ዘግይቶ ሥራ ላይ የዋለው በ1919 እና በ1920 ነው።

ወረቀቱ የባለቤቱን ስም፣ ጎሣውን፣ የጣቱን አሻራ፣ የአሠሪዎቹን ማንነትና የተከፈለውን ደመወዝ ይዟል። አሠሪው የስንብት ፊርማውን ካላሰፈረበት ሠራተኛው ሌላ ሥራ መያዝ አይችልም፤ ጥሎ ቢሄድ ደግሞ ኮብላይ ተብሎ በወንጀል ይፈለጋል። ሳይዝ የተገኘም ይቀጣል ወይም ይታሰራል። ወረቀቱ በትንሽ የብረት ማኅደር ተከትቶ በገመድ አንገት ላይ ይንጠለጠል ነበር። ኪኩዩዎች ይህን ማኅደር «ምቡጊ» አሉት፤ ከፍየል አንገት ላይ የሚታሰረው ቃጭል ማለት ነው። ከብት ጠባቂ ለነበረ ሕዝብ የስያሜው ምሬት ማብራሪያ አያሻውም።

ተቃውሞው አልዘገየም። በናይሮቢ በመንግሥት ግምጃ ቤት የስልክ ኦፕሬተር የነበረው ሃሪ ቱኩ ኪፓንዴንና የግብር ጭማሪን በመቃወም ሕዝብ አስተባበረ፤ በማርች 14 ቀን 1922ም ታሰረ። ከሁለት ቀን በኋላ ይፈታልን ብሎ በፖሊስ ጣቢያው ፊት በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተተኮሰ። መንግሥት ያመነው የሟቾች ቁጥር 21 ነው፤ ከዚያ እጅግ ይበልጣል ያሉም ብዙዎች ናቸው። ቱኩ ያለ ፍርድ ወደ ኪስማዮ ተጋዘ።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ አስተማሪ የሆነው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሆነው ነው። በ1947 የወጣ አዲስ ሕግ ኪፓንዴን ሽሮ ነዋሪው ሁሉ፣ ነጩም ጭምር፣ አሻራውን ሰጥቶ እንዲመዘገብ አዘዘ። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰፋሪዎች በቁጣ ተነሡ። አሻራ መስጠት የወንጀለኛ ወግ ነው፤ ክብርን ይነካል አሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሌላው ተገቢ ሥርዓት መስሎ የታየው ነገር ወደ ራስ ሲመጣ ውርደት ሆኖ ተገኘ።

ቁጥጥሩም ፍርሃቱን አላጠፋውም። የማው ማው እንቅስቃሴ በተነሣ ጊዜ አገረ ገዢው ኢቭሊን ቤሪንግ በኦክቶበር 20 ቀን 1952 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ። ፍርሃቱ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ በማርች 1953 በላሪ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ በአንድ ሌሊት ተጨፍጭፈዋል፤ ለበቀል የተገደሉትም ብዙዎች ናቸው። ሆኖም እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ መንግሥት ጥፋተኛውን ከመፈለግ አልፎ አንድን ሕዝብ በጅምላ ተጠርጣሪ አደረገ። በኤፕሪል 1954 ናይሮቢ በወታደር ተከብባ ከ20,000 በላይ ሰዎች ወደ ማጎሪያ ካምፖች ተላኩ። በማጣራቱ ሥራ ላይ ፊታቸውን በጆንያ የሸፈኑ ጠቋሚዎች በተሰለፈው ሕዝብ ፊት ቆመው በራስ ንቅናቄ ብቻ ይፈርዱ ነበር። በገጠርም ከ1 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ከቤቱ ተነቅሎ በእሾህ ሽቦና በቦይ በታጠሩ መንደሮች እንዲሰፍር ተገደደ።

በነዚያ ዓመታት የተገደሉት ነጭ ሰፋሪዎች 32 ሲሆኑ፣ በስቅላት የተቀጡት አፍሪካውያን ግን ከ1,000 በላይ ናቸው። ከቁጥሩ ባሻገር ያለው ጉዳት በጎረቤታሞች መካከል የደረሰው ነው። በጆንያው ውስጥ ያለው ዓይን የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ሰው ሁሉ ሰውን ሁሉ ፈራ። በሌላው ወገንም ብዙዎች በማስፈራራት መሐላ እንዲምሉ ተደርገዋል፤ እምቢ ያለ እንደ ከዳተኛ ይታይ ነበር። ፍርሃት በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ሥራ ሠርቷል፤ ግለሰቡ በራሱ ኅሊና የሚቆምበትን ስፍራ ነስቶታል። የእንግሊዝ መንግሥት በ2013 በደሉን አምኖ ለ5,228 ሰዎች ካሣ ለመክፈል ሲስማማ፣ ከአዋጁ 60 ዓመት አልፎ ነበር።

ነፃነት በ1963 ሲመጣ ሰፋሪው ቢሄድም ልማዱ አልሄደም። ነፃዪቱ ኬንያ በሰሜኑ ግዛት የሚኖሩ ሶማሊ ዜጎቿን በጥርጣሬ ዓይን አየች። በ1989 እነዚህ ዜጎች ብቻ ተለይተው እንዲጣሩና ልዩ ሮዝ ካርድ እንዲይዙ ተደረገ። የዌስትጌትን ጥቃት ተከትሎ በመጣው ሥጋት ደግሞ በኤፕሪል 2014 በኢስሊ በተካሄደው አሰሳ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተይዘው ብዙዎቹ በካሳራኒ ስታዲየም ታጎሩ። አብዛኞቹ ሶማሊዎች ቢሆኑም ኢትዮጵያውያን ስደተኞችም ከአሰሳው አላመለጡም። በሰሜኑ ነዋሪዎች ላይ ይደረግ የነበረው የመታወቂያ ማጣሪያ እንዲቀር በፕሬዚዳንቱ የታወጀው ገና በ2025 መጀመሪያ ላይ ነው።

መታወቂያ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። መንግሥት ዜጎቹን ሊያውቅ ይገባዋል፤ ወረቀት አልባ ሰው ምን ያህል እንደሚንገላታ በስደት የኖረ ያውቀዋል። መጠየቅ የሚገባው፣ ወረቀቱን አሳይ የሚባለው ሁሉም ነው ወይስ አንዱ ወገን ብቻ? የሚጠየቀውስ ስላደረገው ነገር ነው ወይስ ስለ ትውልዱ? ሥጋቱ ሲያልፍ ሕጉ አብሮ ያልፋል ወይ? የሚሉት ናቸው። ሰፋሪው ኪፓንዴን ያወጣው የፈራውን ሰው ለማወቅ ነበር፤ ከብረቱ ማኅደር ውስጥ ያገኘው ግን ቁራጩን ብቻ ነው። ሙሉውን ሰው ሳያውቀው አገሩን ለቀቀ። ዛሬም በፍርሃት ተነሥቶ በጎረቤቱ ላይ ቁጥጥር ይጥበቅልኝ የሚል ሁሉ፣ በ1947 ሰፋሪዎቹ የተጠየቁትን ጥያቄ አስቀድሞ ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው፤ ይህ ሕግ ነገ ወደ እኔ ቢመጣ እቀበለዋለሁ ወይ?