ማርሽ ቀያሪው

የጎረቤቴ ልጅ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ቀልጣፋ ልጅ፣ በቅርቡ ስለ ምሩፅ ይፍጠር እያወራን ሳለ፣ «ጋሼ፣ ግን ማርሽ ቀያሪው ያሉት ለምንድን ነው? ማርሽ ባንድ ውስጥ ነበር እንዴ?» አለኝ። (ምሩፅ የአየር ኃይል ሰው ስለነበር ግምቱ ያን ያህል አያስወቅስም።)

ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ግን ደነገጥኩ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተለዋጭ ዘይቤን የማስረዳው በዚሁ ስም ነበራ! በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ የአምስት ሺህና የአሥር ሺህ ሜትር ወርቅ ሲወስድ፣ መጨረሻው ላይ ድንገት እንዴት ተፈትልኮ እንደወጣ የሰማ ሁሉ የስሙ ትርጉም አልጠፋውም። መሪ ጨብጦ የማያውቅ ገበሬ እንኳ አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ ሞተሩ ዳገት ላይ ሲያቃስት፣ ሾፌሩ ማርሽ ሲለውጥ፣ መኪናው ሲተነፍስ ሰምቷላ። አሁን ስሙ አለ፤ የተመሰለበት ነገር ግን ከልጁ ዓለም ወጥቷል።

መኪና አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ዎልስሌይ የተባለች መኪና ለዳግማዊ ምኒልክ ይዞ አዲስ አበባ ደረሰ። ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበርና መኪናዋ የመጣችው በምድረ በዳ ነው። የዚያን ጊዜ ማርሽ ጥርስ ከጥርስ እያጋጨ የሚጮህ ነበር። ፍጥነታቸውን አስቀድሞ የሚያስማማውን ዘዴ ካዲላክ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ከዚያ በፊት ሾፌር ማለት ፍሪሲዮን ሁለቴ እየረገጠ፣ ነዳጅ እየመጠነ፣ በጆሮው የሚሠራ ባለሙያ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1939፣ ኦልድስሞቢል ራሱ ማርሽ የሚቀይር መኪና ይዞ ብቅ አለ። የግራ እግር ሥራ ፈታ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ቋንቋውን ጥሎልን የሄደው ጣሊያን ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ። አምስት ዓመት ተቀምጦ ጋራዡን በሙሉ በስሙ አስመዝግቦት ሄደ። በደርግ ጊዜ ላዳ ከሶቪየት ኅብረት ስትመጣ እንኳ፣ እናቷ ፊያት 124 ነበረችና፣ ጣሊያን በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ይቻላል።

እኔም የተማርኩት በላዳ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ አንድ የሰፈራችን ታክሲ ነጂ ቸርችል ጎዳና ዳገቱ ላይ አቁሞኝ፣ «ዓይንህን ተወውና ጆሮህን ስጠኝ» አለኝ። እጅ ፍሬኑ ተስቧል። ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገህ ስትለቀው የሞተሩ ድምፅ ወረድ፣ የመኪናዋ አፍንጫ ቀና ይላል። ያቺን ቅጽበት ይዘህ እጅ ፍሬኑን ትለቃለህ። ከቀደምክ ወደ ኋላ ትንሸራተታለህ፤ ከዘገየህ ሞተሩ ይጠፋል፤ ከኋላህ ያለው ሁሉ ጡሩምባውን ይነፋብሃል። ስንት ጊዜ እንዳጠፋሁት አልነግራችሁም። ሰውየው ዓባይ በረሃን ሲያወርደኝ ደግሞ፣ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይለኝ ነበር። ነዳጅ ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ሰው ሲያይ አንጀቱ ያርራል፤ ሞተሩ መኪናውን ካልያዘለት ፍሬን ብቻውን ይግልና ይከዳላ።

ይህን ስል ግን ማርሽን ለመቀደስ አይደለም። እኔ ራሴ አሥር ዓመት ሆነኝ አውቶማቲክ ከያዝኩ፤ መገናኛ ላይ አንድ ሰዓት ቆማ በምትሳብ መኪና ውስጥ ፍሪሲዮን ሲረግጥ የሚውል ጉልበት ምን እንደሚል አውቃለሁ። ደግሞም ማርሽ የወንዶች ማኅበር በር ነበር። «ሴት ልጅ ዳገት ላይ ማርሽ አይሆንላትም» ይባል የነበረውን ወሬ ዝም ያሰኘው የእኛ መሻሻል ሳይሆን፣ ያለ ፍሪሲዮን በየሰፈሩ የተሰራጨችው ቪትዝ ትመስለኛለች።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ ገና ከመነሻው ሙሉ ጉልበቱን ስለሚሰጥ የማርሽ ደረጃ አያስፈልገውም። ጭነት መኪናው፣ አሮጌው ሚኒባስ ገና ለብዙ ዓመት ማርሽ ይቀይር ይሆናል። የቤት መኪናው ነገር ግን ያለቀ ይመስለኛል።

ባለፈው ወር አንድ ማለዳ የልጄ የኤሌክትሪክ መኪና በራችን ላይ አልነሳም አለች። ትንሿ ባትሪ ሞታ ኖሯል። ልጄ ኮፈኑን ስትከፍት ያዩ የሰፈር ጎረምሶች፣ ጫማ ጠራጊውም ጭምር፣ ሳይጠሩ ሮጠው መጡ። እኛ ዘንድ ባትሪ የሞተበት ሰው ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ፣ «ግፉ!» ይላል፤ መንደሩ ይገፋል፤ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ጎማው ሞተሩን ያስነሳዋል። በዚህ መንገድ ስንት ጎረቤት እንደተዋወቀ እኔ ምስክር ነኝ።

«ይቅርታ፣ ይቺ በመግፋት አትነሳም» አለቻቸው ልጄ።

አንዱ እጁን ከመኪናዋ ላይ ሳያነሳ፣ «ታዲያ ምን እናድርግልሽ?» አላት።