የሳሳው አጥንቴና የጥርስ ተከላ ታሪክ

እህቶቼ፣ ከሦስት ዓመት በፊት የላይኛው መንጋጋ ጥርሴ ሲያመኝ ማዳም ወስዳ አስነቀለችኝ። መንቀል ይረክሳላ! ዘንድሮ ሰው ሠራሽ ጥርስ ላስተክል ብዬ ስጠይቅ፣ «አጥንትሽ ሳስቷል፤ መጀመሪያ አጥንት ይጨመርበት» አሉኝ። ገርሞኝ ታሪኩን አነበብኩ።

ነገሩ የተጀመረው በጥንቸል ነው። በፈረንጆች 1952 ስዊድናዊው ብሮኔማርክ በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ የቲታኒየም መሣሪያ ከትቶ ሲያጠና ቆየ። በኋላ ላውጣው ቢል እምቢ አለው፤ አጥንቱ ብረቱን አጥብቆ ይዞታል። በ1965 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተከለ። ያ ሰው በ2006 እስኪሞት ድረስ፣ ከ40 ዓመት በላይ በላበት።

የላይኛው መንጋጋ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ከኋላ ጥርሶች በላይ ሳይነስ የሚባል አየር ያለበት ክፍተት አለ። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ አጥንቱ ይሳሳል፣ ክፍተቱም ወደ ታች ይሰፋል። ስለዚህ የሚተከለው ብሎን መያዣ ያጣል። በ1970ዎቹ ታተም የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የሳይነሱን ስስ ሽፋን ወደ ላይ ገፍቶ ከሥሩ አጥንት መሙላት ጀመረ።

ታዲያ ይዘልቃል ወይ? በ1996 ሐኪሞች ተሰብስበው ቢያንስ ሦስት ዓመት ያገለገሉትን ሲገመግሙ፣ ከ100ው 90 ያህሉ ተሳክተው አገኙ።

እኔ ለዚህ የሚሆን ገንዘብ የለኝም። እናንተ ግን ከመነቀሉ በፊት «ማዳን አይቻልም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።