ቤት ሲሸጥ የሚጠየቅ ታሪክ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚሸጥ ሰው መሬት አይሸጥም። ገዢው ዋጋ የሚሰጠው ሰፈሩን፣ መንገዱንና የቦታውን ስፋት አይቶ ቢሆንም፣ በሕግ የሻጩ ንብረት የሚባለው ግድግዳውና ጣራው ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ፣ ሰው በጉልበቱም ሆነ በገንዘቡ መሬት ላይ ለሠራው ቤትና ላደረገው ቋሚ ማሻሻያ ሙሉ መብት ሰጥቶታል። ሊሸጠው፣ ሊያወርሰው፣ ካሳ ሊጠይቅበት ይችላል። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ቤቱን ለመሥራትና ለማደስ ያወጣውን ማስላት ያለውን ሀብት መቁጠር ነው። ጉለሌ የነበረውን የወላጆቻችንን ቤት ለመሸጥ ከእህት ወንድሞቼ ውክልና ስቀበል፣ በሂሳብ ሥራ የኖርኩ ሰው ነኝና የመጀመሪያ ሥራዬ ያንን ወጪ መፈለግ ነበር። ፍለጋው ወደ ከተማዋ ታሪክ መራኝ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቦታ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆች በሰፈር በሰፈር ይሰጥ ነበር። በ1900 ዓ.ም.፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ የከተማ ቦታ በግል የሚያዝበትና ባለቤቱ የይዞታ ወረቀት የሚያገኝበት ደንብ ወጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልተደረገ አይጸናም አለ። ሽያጩ እንዲህ ወደ ወረቀት ገባ፤ ግንባታው ግን ከወረቀት ውጭ ቀረ። የባሕር ዛፍ ምሰሶ ይተከላል፣ ማገር ይማገራል፤ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት ይሰነብታል፤ ሲብላላ በእግር ይረገጥና ይመረጋል። አባቴም ቤቱን የሠራው እንዲሁ ነው። ጎረቤቱ በደቦ መረገለት፤ እናቴ እንጀራውንና ጠላውን አቀረበች። ለደቦ ደረሰኝ የሚጽፍ የለም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ የተፈቀደው አንድ መኖሪያ ቤት ሲሆን ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሚከራዩት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። እኛ ግቢ ውስጥ ጓሮ የነበረችው ባለሁለት ክፍል ቤት ትርፍ ተብላ ተወረሰች። ተከራይዋ እናት ከቦታቸው አልተነሡም፤ ኪራያቸውን ግን ከአባቴ ወደ ቀበሌው አዞሩ። በአንድ በር እየገባን፣ ከአንድ ቧንቧ እየቀዳን፣ ግቢው ለሁለት ባለቤት ተከፈለ። አዋጁ ለብዙ ድሃ ተከራይ ኪራይ አቅልሏል፤ ያ አይካድም። በዚያው መጠን ከአንዲት ክፍል ኪራይ ልጆቹን ያሳድግ የነበረውንም ሰው መትቷል።

በዓመቱ የወጣው አዋጅ ቁጥር 80/1968 ለቦታው ኪራይ፣ ለቤቱ ደግሞ ግብር እንዲከፈል ደነገገ። አባቴ የእነዚህን ክፍያዎች ደረሰኝ አንድም ሳይጥል በካርቶን አስቀምጧል፤ መንግሥት አንድ ቀን እንደሚጠይቀው ያውቃል። ለግንበኛውና ለአናጢው የከፈለውን ግን ማን ይጠይቀኛል ብሎ ያስብ?

ሁለተኛ ቤት መያዝ ሲከለከል ሰው ያለውን ሁሉ በያዛት አንድ ቤት ላይ አዋለ። የእኛም ቤት በዚያ ዘመንና ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ተለወጠ። የአፈሩ ወለል ሲሚንቶ ሆነ። የአቡጀዴው ኮርኒስ በቺፑድ ተተካ። የጭቃው ግድግዳ ሽቦ ተመትቶበት በሲሚንቶ ተለሰነ፤ የእንጨቱ መስኮት ወርዶ የብረት ተገጠመ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ጓሮው ላይ በብሎኬት ሰርቪስ ቤቶች ተሠሩ፣ የመንገድ ዳሩ ክፍልም ሱቅ ሆነ። ገንዘቡ የመጣው ከእናቴ እቁብና ጅዳ ትሠራ የነበረችው እህቴ ከምትልከው ነው። አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ የቤቱን አስቤዛ የቻለው ያ ሱቅና የሰርቪሶቹ ኪራይ ነበር።

የሽያጩ ግብር የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከካፒታል ሀብት ሽያጭ በሚገኝ ጥቅም ላይ ግብር የሚጥለው አዋጅ ቁጥር 108 በ1986 ዓ.ም. ወጣ። አዋጅ ቁጥር 286/1994 እሱን ሽሮ ለንግድ፣ ለፋብሪካና ለቢሮ በሚያገለግል ሕንፃ ላይ 15 በመቶ፣ በአክሲዮን ላይ 30 በመቶ አደረገው፤ አዋጅ ቁጥር 979/2008ም እነዚሁን ሁለት መጣኔዎች ለማይንቀሳቀስ ንብረትና ለአክሲዮን ይዞ ቀጠለ። በሁለቱም አዋጆች፣ ከመተላለፉ በፊት ለ2 ዓመት ሙሉ በሙሉ መኖሪያ የነበረ ቤት ከዚህ ግብር ነፃ ነው።

ችግሩ «ሙሉ በሙሉ» የሚለው ላይ ነው። ስንት የአዲስ አበባ ግቢ ነው ሙሉ በሙሉ መኖሪያ የሆነው? ሰርቪስ የማያከራይ፣ ሱቅ ያልከፈተ፣ ጠላ ያልተሸጠበት ግቢ ስንት ነው? የእኛ ቤት እንዲህ አልነበረም። ጉዳዩን የያዘችው የግብር ባለሙያ በትሕትና፣ «እናት፣ የማሻሻያ ወጪ ካለ ከነማስረጃው ያምጡልኝ» አለችኝ። ሕጉ ቤቱ የተገኘበትን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ለማሻሻልና ለማደስ የወጣውንም ከሽያጩ ላይ ይቀንሳልና ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ከቦታ ኪራይ ደረሰኞቹ ሥር የአባቴን ደብተር አገኘሁ። ሲሚንቶ በኩንታል፣ አሸዋ በመኪና፣ ቆርቆሮ ባለ 32 ጌጅ፣ የግንበኛው የቀን ሒሳብ፣ ከጎኑ «ከእቁብ የተወሰደ» የሚል ተጽፎበታል። ማኅተም ግን የለውም፤ የሻጭ ፊርማም የለውም። ስለዚህ አልተያዘልንም።

የልዩነቱን ክብደት በምሳሌ ላሳይ። አንድ ቤት በ6 ሚሊዮን ብር ተሸጠ፤ የተረጋገጠው ወጪ 1 ሚሊዮን ነው እንበል። ጥቅሙ 5 ሚሊዮን፣ ግብሩም 750 ሺህ ብር ይሆናል። ለእድሳት የወጣ ሌላ 2 ሚሊዮን ብር በማስረጃ ቢደገፍ ግን ግብሩ ወደ 450 ሺህ ይወርዳል። 300 ሺህ ብሩ የሚከፈለው ማስረጃ ስለጠፋ ብቻ ነው።

አንዳንዱ ሻጭ ከዚህ ለማምለጥ ውሉ ላይ ዋጋ አሳንሶ ያስጽፋል። ይህ ሕግ መጣስ ነው፤ ገዢውንም ይጎዳል። ዛሬ ሻጩ አሳንሶ ያስጻፈው ዋጋ ነገ ገዢው ሲሸጥ ወጪ ተብሎ የሚያዝለት ዋጋ ነውና የሻጩን ግብር እሱ ይከፍላል።

ግብሩን አልቃወምም። ከተማዋ ባሠራችው መንገድ የቤት ዋጋ ሲወጣ ከተማዋ ድርሻ ልትጠይቅ ይገባታል። የምጠይቀው ፍትሕ ነው። ለቴምብር ቀረጥና ለአገልግሎት ክፍያ ሲባል የቤት ዋጋ የሚገምት ባለሙያ አለ። ያው ባለሙያ ጭቃው መቼ ሲሚንቶ እንደሆነ፣ ብሎኬቱ ምን ያህል እንደፈጀ ገምቶ ደረሰኝ ባልነበረበት ዘመን የተሠራውን ወጪ ቢያስይዝ አዲስ ነገር አይሆንም። ዛሬ ቤት የምታድሱ ደግሞ ከግንበኛው ጋር ውል ጻፉ፣ ከሲሚንቶ ሻጩ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ክፍያውን በባንክ አድርጉ፣ ወረቀቱን ከካርታው ጋር አኑሩ። መሬቱ የእኛ ባልሆነበት አገር የቤተሰብ ልፋት የሚቆጠረው በግድግዳው ላይ ባዋልነው ገንዘብ ነው፤ ልጆቻችን ሊያስረዱት የሚችሉት ደግሞ እኛ ጽፈን ካቆየነው ብቻ ነው።