በሸክላው ጀርባ የታተመው ዘፈን

እ.ኤ.አ. በ1978 ፖሊዶር የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ ሁለት ዘፈኖች የያዘ አንድ ሸክላ ለገበያ አቀረበ። በፊቱ «ሰብስቲትዩት»፣ በጀርባው «አይ ዊል ሰርቫይቭ» ታትመዋል፤ ሁለቱንም ያዜመችው ግሎሪያ ጌይነር ናት። ኩባንያው ተስፋውን የጣለው በፊተኛው ላይ ነበር። በመጋቢት 1979 የአሜሪካ የዘፈኖች ሰንጠረዥ አናት ላይ የወጣው ግን የጀርባው ነው። ለኩባንያው ያልታየው ዋጋ ለማን ታየ? በምን መንገድስ ታወቀ?

የኩባንያው ምርጫ የሞኝ ምርጫ አልነበረም። «ሰብስቲትዩት» ቀደም ሲል በሌሎች የተዘፈነ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ክላውት የተሰኘው የደቡብ አፍሪካ ቡድን በብሪታንያ ሰንጠረዥ እስከ ሁለተኛ ደረጃ አድርሶታል። የሬዲዮ ሰዓት ውስን በሆነበት ገበያ፣ የተፈተነን ዕቃ ማስቀደም ኪሳራን የመቀነሻ የተለመደ ስልት ነው። ጀርባው በአንጻሩ ማንም ብዙ የማይጠብቅበት ስፍራ ነበር። አዘጋጁ ፍሬዲ ፔረን ከዲኖ ፌካሪስ ጋር የደረሰውን የራሱን ዘፈን ያኖረው እዚያ ነው። ፌካሪስ ከሞታውን ኩባንያ የተሰናበተ ደራሲ ነበር። ጌይነርም በ1975 ያገኘችው ዝና እየደበዘዘ ሳለ መድረክ ላይ ወድቃ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ያደረገች ሲሆን፣ ዘፈኑን የቀዳችው የወገብ መደገፊያ ታጥቃ ነበር።

የኩባንያውን ግምት የሻረው የጭፈራ ቤት ነው። ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ዘፈኑን ይውደድ ይጥላ ወዲያው አይታወቅም። በጭፈራ ቤት ግን ያልተወደደ ዘፈን መድረኩን ባዶ ያስቀራል፤ ዲጄውም ፍርዱን በደቂቃዎች ውስጥ ያያል። የሙከራው ወጪም ሸክላውን ከመገልበጥ አይበልጥም። የኒውዮርኩ ስቱዲዮ 54 ዲጄ ሪቺ ካዞር ሸክላውን ገልብጠው ካጫወቱት አንዱ ነበር።

ይህ መረጃ ተቋማዊ መንገድም ነበረው። በ1975 ዴቪድ ማንኩሶና ባልደረቦቹ በኒውዮርክ የዲጄዎች ማኅበር አቋቁመው ነበር። አሳታሚዎች አዳዲስ ሸክላዎችን በነፃ ይሰጣሉ፤ ዲጄዎቹም የታዳሚውን ስሜት መልሰው ይነግሯቸዋል። የ«አይ ዊል ሰርቫይቭ» ተፈላጊነት ከጭፈራ ቤት ወደ ሬዲዮ ሲሻገር፣ ፖሊዶር ጀርባውን ፊት አድርጎ ሸክላውን እንደገና አወጣ። ዘፈኑ በአሜሪካ በድምሩ ለሦስት ሳምንታት፣ በብሪታንያ ለአራት ሳምንታት አንደኛ ሆነ።

ይሁን እንጂ መረጃውን ያመነጩት ሰዎች የትርፉ ተካፋይ አልሆኑም። የኒውዮርክን የዲስኮ ባህል የገነቡት በአብዛኛው ጥቁሮች፣ ላቲኖዎችና ግብረ ሰዶማውያን ነበሩ። ዲጄዎቹም ያገኙት ነፃ ሸክላ እንጂ የሽያጭ ድርሻ አልነበረም። ንፋሱ ሲለወጥ ደግሞ ጥበቃ የሚሆናቸው አልተገኘም። ሐምሌ 12 ቀን 1979 በቺካጎ የቤዝቦል ስታዲየም የዲስኮ ሸክላዎች በፈንጂ ወደሙ። ግራሚ ለዲስኮ የለየውን ሽልማት በ1980 ለዚሁ ዘፈን ከሰጠ በኋላ ዘርፉን ሰረዘው፤ ሽልማቱ የተሰጠውም ያን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚህ ታሪክ ማዕከል ሁሌ ይሳሳታል የሚል ድምዳሜ መውሰድ ችኮላ ነው። ማንኛውም ተቋም፣ የልማት በጀት የሚመድብ መሥሪያ ቤትም ቢሆን፣ ሳይመርጥና ቅደም ተከተል ሳያወጣ አይሠራም። ቁም ነገሩ የተሳሳተው ምርጫ በአነስተኛ ወጪ የሚታረምበት መንገድ መኖሩ ነው። ፖሊዶርን ያዳነው አስቀድሞ የታሰበበት ፖሊሲ ሳይሆን ሸክላ በተፈጥሮው ሁለት ገጽ ያለው መሆኑ ነበር። እንዲህ ያለ ዕድል የሌለው ተቋም ጀርባውን ሆን ብሎ ማበጀት፣ ስህተቱን የሚያሳዩትን ሰዎችም ከሚገኘው ጥቅም ማካፈል ይኖርበታል። የዲስኮ ዘመን የመጀመሪያውን በአጋጣሚ አገኘ፤ ሁለተኛውን ግን ሳያደርገው አለፈ።